አዞ ልጆቿን እንዴት እንደምትጠብቅ

ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ለሽማግሌዎች የቀረበ ንግግር



ለሕፃናት ስለ አራዊት ጠባይ ማስተማር ለጊዜ ማሳለፊያ ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም። ሕፃን የአራዊትን ጠባይ ሲያውቅ ሁለት ጥቅም ያገኛል፤ አንደኛው ራሱን ከጉዳት መጠበቅን መማሩ ነው፤ ሁለተኛውም ያየውን ነገር እስከ መጨረሻው ሳይመረምር ለመፍረድ አለመቸኰልን መልመዱ ነው። ለእነዚህ ለሁለቱ ትምህርቶች እንደ አዞ የሚመች እንስሳ ጥቂት ነው። ስለዚህ የዚህ ንግግር ነገር ስለ አዞ፥ ይልቁንም ስለ አዞ እናትነት ነው።

አዞ በሰው ዘንድ የተጠላ አውሬ ነው፤ ለጥላቻውም ምክንያት አለው። ውሃ ሊጠጣ የወረደውን ከብት ይይዛል፤ ውሃ ለመቅዳት የወረደችውን ሴት፥ መረብ የሚዘረጋውንም ዓሣ አጥማጅ ይገድላል። በሐሰት የሚያለቅስ ሰው ሲነቀፍም እንባው «የአዞ እንባ» ይባላል። ከዚህም ሁሉ ጋራ፥ አዞ ለገዛ ልጆቹ እንኳ የማይራራ፥ ከዕንቁላል እንደ ወጡ እየለቀመ የሚውጣቸው ክፉ አውሬ ነው ተብሎ በልዩ ልዩ አገር ሲነገር ኖሯል። ይህን ያወሩት ሰዎች ዋሾዎች አልነበሩም፤ እናቲቱ ጫጩቶቿን በአፏ ስትለቅም በዐይናቸው አይተዋል። ያላዩት ግን ወደ ውሃው ከገባች በኋላ ያደረገችውን ነው። በውሃው ውስጥ አፏን ከፍታ ጫጩቶቿን በሕይወት ትለቃቸዋለች። እንግዲህ ምስክርነቱ እውነት ሆኖ ሳለ ፍርዱ ሐሰት ሆነ፤ ነገሩ የታየው በግማሽ ነበርና።

ስለ አዞ ወገንና ስለሚኖርበት አገር

በምድር ላይ ከ20 የሚበልጡ የአዞ ወገኖች አሉ። በኢትዮጵያ የሚገኘው የናይል አዞ የሚባለው ነው። ስሙ ከዓባይ ወንዝ የተወሰደ ይሁን እንጂ በብዙ የአፍሪቃ ወንዞችና ሐይቆች ይኖራል። በኢትዮጵያም በጫሞና በአባያ ሐይቆች፥ በኦሞና በባሮ ወንዞች፥ በሌሎችም የቆላ ውሃዎች ይገኛል። ከአርባ ምንጭ ከተማ በታች፥ የኩልፎ ወንዝ ወደ ጫሞ ሐይቅ በሚገባበት ስፍራ፥ አዞዎች ተሰብስበው ፀሐይ ስለሚሞቁ ቦታው «የአዞ ገበያ» ተብሎ ይጠራል።

ወንዱ አዞ እስከ 4 ሜትርና ከዚያም በላይ ይረዝማል፤ ሴቲቱ ከእርሱ ታንሳለች፤ ብዙ ጊዜ 3 ሜትር ያህል ናት። አዞ እንደ ሰው ወይም እንደ በሬ የሰውነቱን ሙቀት ከውስጡ የሚያወጣ እንስሳ አይደለም። ስለዚህ ሲበርደው በፀሐይ ይሰጣል፤ ሲሞቀው አፉን ይከፍታል፥ ወይም ወደ ውሃ ይገባል። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ሰውነቷ የማይሞቅ እናት ዕንቁላሏን ታቅፋ ልትፈለፍል አትችልም። ዶሮ በላባዋና በደረቷ የምታደርገውን አዞ በአሸዋና በፀሐይ ታደርገዋለች።

ጉድጓዱና ዕንቁላሉ

ሴቲቱ አዞ ዕንቁላል ለመጣል የምትበቃው ብዙ ጊዜ ዐሥር ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ጊዜዋ ሲደርስ፥ በበጋ ወራት የውሃው ልክ ዝቅ ሲል፥ ከውሃው ዳር ጥቂት ከፍ ያለ አሸዋማ ስፍራ ትፈልጋለች። ስፍራውን ካገኘች በኋላ በእግሮቿ እየጫረች ግማሽ ሜትር ያህል የሚጠልቅ ጉድጓድ ትቈፍራለች፤ ይህንንም የምታደርገው ብዙ ጊዜ በሌሊት ነው። በጉድጓዱም ውስጥ እንደ ዕድሜዋና እንደ ትልቅነቷ ከ25 እስከ 80 የሚደርስ ዕንቁላል ትጥላለች፤ ከዚያም አሸዋውን መልሳ ትደፍነዋለች። ሥራዋን ከጨረሰች በኋላ በዚያ የሚያልፍ ሰው ከአሸዋው በታች ምን እንዳለ በቀላሉ አያውቅም።

የአዞ ዕንቁላል ነጭና ጠንካራ ቅርፊት ያለው ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው የግሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቶስ ስለ ግብፅ በጻፈው መጽሐፍ የአዞ ዕንቁላል ከዝይ ዕንቁላል እምብዛም እንደማይበልጥ፥ ከዚህም ከትንሽ ዕንቁላል እጅግ ትልቅ አውሬ እንደሚወጣ በመደነቅ ተናግሯል። በዚህ ነገር እውነተኛ ነበር። በሌላ ነገር ግን ተሳስቷል፤ እርሱም ከዚህ በታች በስፍራው ይነገራል።

ጉድጓድ የሚቈፈርበትን ቦታ መምረጥ የእናትነት ሥራ መጀመሪያ ነው። ቦታው ለውሃ እጅግ ከቀረበ ውሃው ሲሞላ ዕንቁላሉን ያጠፋዋል። እጅግ ከራቀ ደግሞ ጫጩቶቹ ወደ ውሃ የሚደርሱበት መንገድ ይረዝማል። ጥላ ከበዛበት ዕንቁላሉ ይቀዘቅዛል፤ አሸዋው ያለ ልክ ከጋለም ጽንሱ ይሞታል። ከዚህም የሚያስደንቀው፥ ጫጩቱ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን የሚወስነው በአሸዋው ውስጥ ያለው ሙቀት መሆኑ ነው። በናይል አዞ ዘንድ ሙቀቱ ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ወንዶች ይበዛሉ፤ ከዚያ ሲያንስ፥ እንዲሁም ከዚያ ሲበልጥ ሴቶች ይበዛሉ። ስለዚህ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ እንኳ ከላይ ያለውና ከታች ያለው ዕንቁላል ልዩ ልዩ ጾታ ሊያወጣ ይችላል።

የሦስት ወር ጥበቃ

ብዙዎቹ በምድር ላይ የሚሳቡ እንስሶች፥ ለምሳሌ ኤሊ፥ ዕንቁላላቸውን ከቀበሩ በኋላ ትተውት ይሄዳሉ። አዞ ግን አትሄድም። ዕንቁላሉ የሚፈለፈለው ከ80 እስከ 90 ቀን በሚሆን ጊዜ ነው፤ እናቲቱም ይህን ሦስት ወር ያህል ጊዜ ከጉድጓዱ አጠገብ፥ በቅርብ ካለ ቍጥቋጦ ጥላ ሥር ወይም በውሃው ዳር ተኝታ ትጠብቃለች። በዚህም ጊዜ ምግብ የምትበላው እጅግ ጥቂት ነው፤ አስቀድማ በሰውነቷ ባከማቸችው ስብ ትኖራለች።

ይህ ሁሉ ጥበቃ የሚያስፈልገው የዕንቁላሉ ጠላቶች ብዙዎች ስለ ሆኑ ነው። ከሁሉ የሚብሰው አርጃኖ ነው። አርጃኖ በምላሱ ሽታ እየለየ ከአሸዋ በታች ያለውን ዕንቁላል ያገኛል፤ ፈጥኖም ይቈፍራል። ጅብና ዝንጀሮም ጉድጓዱን ካገኙ አይምሩም። እነዚህ ሁሉ እናቲቱን ይፈራሉ፤ ዕንቁላሉ በመቀበሩ ብቻ አይድንም፤ የሚድነው እርሷ በአጠገቡ ስትኖር ነው።

ለዚህም ማስረጃ የሚሆን ነገር በኡጋንዳ ታይቷል። በዚያ አገር በመርቺሰን ፏፏቴ በታች ብዙ አዞዎች ዕንቁላል የሚጥሉበት የወንዝ ዳር አለ። አገር ጐብኚዎችን የሚያመላልሱ ጀልባዎች ወደ ዳር ሲጠጉ እናቶቹ ደንግጠው ወደ ውሃ ይገቡ ነበር። ሂው ኮት የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሊቅ እንዳስረዳው፥ እናቲቱ ከስፍራዋ በራቀች ጊዜ አርጃኖዎችና ዝንጀሮዎች ጉድጓዱን ይዘርፉት ነበር። በጀልባው ላይ የነበሩት ሰዎች አንድ ዕንቁላል አልሰበሩም፤ በአዞም ላይ ድንጋይ አልወረወሩም። ይሁን እንጂ እናቲቱን ከስፍራዋ ማስነሣታቸው ብቻ ለጥፋት በቃ። ይህ ነገር ለሕፃናትም ለአዋቂዎችም ሊነገር የሚገባው ነው፤ ሰው ሳያስበው፥ በእጁም ሳይነካ፥ ጉዳት ሊያደርስ ይችላልና።

ከቅርፊት ውስጥ የሚሰማ ድምፅ

ሦስቱ ወር ሲፈጸም አንድ ችግር ይመጣል። ጫጩቶቹ በዕንቁላላቸው ውስጥ ሳሉ ከላያቸው ብዙ አሸዋ አለ፤ አሸዋውም በፀሐይና በእናቲቱ ክብደት ጠጥሯል። በራሳቸው ኃይል ቈፍረው ለመውጣት ያስቸግራቸዋል። እናቲቱ ደግሞ በአሸዋው ውስጥ ያለውን ነገር በዐይኗ ልታይ አትችልም። ፈጥና ብትቈፍር ያልደረሱት ይሞታሉ፤ ብትዘገይም ታፍነው ይቀራሉ። ታዲያ ቀኑን በምን ታውቀዋለች?

የምታውቀው በጆሮዋ ነው። ጫጩቶቹ ለመውጣት ሲደርሱ ገና ከቅርፊታቸው ሳይወጡ ይጮኻሉ። አንዱ ሲጮኽ ሌላው ይሰማል፥ እርሱም ይጮኻል፤ በዚህም ሁሉም በአንድ ጊዜ ለመውጣት ይነቃቃሉ። ድምፃቸው በአሸዋው ውስጥ አልፎ ወደ እናታቸው ይደርሳል። እርሷም በሰማች ጊዜ ከተኛችበት ተነሥታ በእግሮቿ አሸዋውን መጫር ትጀምራለች።

ይህ ነገር በግምት ብቻ የተነገረ አይደለም። በፈረንሳይ አገር የሚሠሩ አሜሊ ቬርኝና ኒኮላ ማትቮን የተባሉ ሊቃውንት ነገሩን መርምረው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. አሳትመዋል። እነርሱም የጫጩቶቹን ድምፅ በመሣሪያ ቀድተው ለመፈልፈል ለተቃረቡ ዕንቁላሎችና ለእናቶች አሰሙ። የወንድሞቻቸውን ድምፅ የሰሙት ጫጩቶች ፈጥነው ወጡ፤ ድምፁን የሰሙትም እናቶች አብዛኞቹ አሸዋውን መቈፈር ጀመሩ። የጫጩት ድምፅ ያልሆነ ሌላ ጩኸት ሲሰማ ግን እንዲህ አላደረጉም። በዚህም ጫጩቶቹ በድምፃቸው እርስ በርሳቸውም ከእናታቸውም ጋራ እንደሚነጋገሩ ተረጋገጠ።

የሚገድለው አፍ እንደሚሸከም

ጉድጓዱ ከተከፈተ በኋላ የሚሆነው ነገር ሰውን ለረጅም ዘመን ያሳሳተው ነው። እናቲቱ አፍንጫዋን ወደ ጉድጓዱ ዝቅ ታደርጋለች፤ ጫጩቶቹንም አንድ በአንድ በጥርሶቿ መካከል ታነሣለች። የአፏ ወለል ከጉሮሮዋ ጋራ ዝቅ ብሎ እንደ ከረጢት ይሆናል፤ በዚያም ብዙ ጫጩቶችን ትይዛለች። ከዚያም ቀስ እያለች ወደ ውሃው ትሄዳለች። ከውሃው በገባች ጊዜ አፏን ከፍታ ራሷን ታወዛውዛለች፤ ጫጩቶቹም በጥርሶቿ መካከል እየዋኙ ይወጣሉ። ከዚያም የቀሩትን ለማምጣት ትመለሳለች። ቅርፊቱን ሰብሮ ለመውጣት ያልቻለ ጫጩት ካለም ዕንቁላሉን በምላሷና በላንቃዋ መካከል ቀስ ብላ እያንከባለለች ቅርፊቱን ትሰብርለታለች። አልፎ አልፎም አባትየው አዞ በዚህ ሥራ ሲረዳ ታይቷል።

ሄሮዶቶስ የተሳሳተው በዚህ ላይ ነው። አዞ ከአራዊት ሁሉ ተለይቶ ምላስ የለውም ብሎ ጽፏል። አዞ ግን ምላስ አለው፤ ነገር ግን እንደ ላም ምላስ ከአፍ ወደ ውጭ አይዘረጋም፤ ከታችኛው መንጋጋ ወለል ጋራ ተጣብቋል። ከሩቅ ለሚመለከት ሰው የሌለ ይመስላል። እንግዲህ ሄሮዶቶስ የለም ያለው ምላስ ልጆችን በመሸከም ጊዜ ትልቅ አገልግሎት የሚሰጥ ሆኖ ተገኘ።

ነገሩን በጥንቃቄ ከተመለከቱት ሰዎች አንዱ በደቡብ አፍሪቃ አዞዎችን ሲጠብቅ የኖረው ቶኒ ፑሊ ነው። ይህ ሰው ብዙ ሌሊት በጉድጓዶች አጠገብ እየተደበቀ ተመልክቷል፤ ያየውንም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት በጽሑፍ ለዓለም አስታውቋል። እርሱና መሰሎቹ ከቀደሙት ሰዎች የሚለዩት ዐይናቸው የተሻለ ስለ ነበረ አይደለም፤ ነገሩ እስኪፈጸም ድረስ ታግሠው ስለ ተቀመጡ ነው።

እንግዲህ አንድ አስተዋይ ተማሪ «የበሬ አጥንት የሚሰብር መንጋጋ እንዴት ትንሽ ጫጩት ሳይጎዳ ይይዛል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ንክሻቸው ከተለካ ሕያዋን እንስሶች ሁሉ የበረቱት የአዞ ወገኖች ናቸው። ነገር ግን በአዞ መንጋጋ ቆዳ ላይ ትናንሽ ጥቋቍር ነጥቦች የሚመስሉ እብጠቶች አሉ። በእነዚህ ውስጥ የሚሰማ ጅማት ስላለ እጅግ ቀላል የሆነውን መነካት እንኳ ይለያሉ። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. የታተመ ምርመራ እነዚህ ነጥቦች ከሰው ጣት ጫፍ ይልቅ ስሜታቸው የረቀቀ መሆኑን አስረድቷል። ስለዚህ የአዞ አፍ ኃይልም ስሜትም አለው፤ ኃይሉንም በስሜቱ ልክ ይመጥነዋል።

በውሃው ዳር

ከዕንቁላል የወጣ ጫጩት ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የአንድ ተማሪ ማስመሪያ ማለት ነው። በሆዱ ከዕንቁላሉ የቀረ አስኳል ስላለ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በእርሱ ይኖራል። ከዚያ በኋላ ራሱ እያደነ በራሪ ነፍሳትን፥ ትናንሽ እንቁራሪቶችንና ዓሦችን ይበላል። እናቲቱ እንደ ድመት ወይም እንደ ላም አታጠባውም፤ እንደ እርግብም በአፉ አታጐርሰውም። የእርሷ ሥራ መጠበቅ ነው።

ጫጩቶቹ በደንገልና በሸምበቆ መካከል በአንድነት ይሰበሰባሉ፤ እናቲቱም በአጠገባቸው ትሆናለች። አንዳንድ ጊዜ በራሷና በጀርባዋ ላይ ወጥተው ይታያሉ። ከእነርሱ አንዱ ቢያዝና ቢጮኽ ፈጥና ትደርሳለች። በናይል አዞ ዘንድ ይህ ጥበቃ ለብዙ ሳምንታት ይቈያል። ከላይ ዓሣ በል ንስርና አባ ኮዳ ይጠባበቃሉ፤ ከታች ታላላቅ ዓሦች አሉ፤ በየብስም አርጃኖ አይጠፋም። ከእነዚህ ሁሉ ጋራ ሌሎች ትላልቅ አዞዎችም ትንንሾቹን ይበላሉ። ስለዚህ አዞ ትንንሽ አዞዎችን ይበላል የሚለው የቀድሞ ነገር ፈጽሞ ባዶ አልነበረም፤ ሐሰት የሆነው በእናቲቱ ላይ የተነገረው ነው። እርሷ በዚያ የምትቈመው እንዲህ ያለውን ጥፋት ለመከላከል ነው። ይህም ሁሉ ሆኖ ከአንድ ጉድጓድ ከወጡት መካከል ለአካለ መጠን የሚደርሱት እጅግ ጥቂቶች ናቸው።

ስለ አሜሪካው አሊጌተር

በአሜሪካ፥ በተለይም በፍሎሪዳና በሉዊዚያና ረግረግ አገሮች፥ አሊጌተር የሚባል የአዞ ዘመድ ይኖራል። አፈ ሙዙ ከናይል አዞ ይልቅ ሰፊ ነው፤ አፉንም ሲገጥም የታችኛው መንጋጋ ጥርሶች አይታዩም። በዚያ ረግረግ አገር ደረቅ አሸዋ በቀላሉ ስለማይገኝ እናቲቱ ጉድጓድ አትቈፍርም፤ ሣርና ቅጠል ከጭቃ ጋራ ሰብስባ ክምር ትሠራለች። ዕንቁላሏንም በክምሩ መካከል ታኖራለች። ሣሩና ቅጠሉ ሲበሰብስ ሙቀት ያወጣል፤ ይህም ገበሬ ሁሉ በፍግ ክምር ውስጥ እጁን አግብቶ የሚያውቀው ሙቀት ነው። ከ65 ቀን ገደማ በኋላ ጫጩቶቹ ይጮኻሉ፤ እናቲቱም ክምሩን ገልጣ በአፏ ወደ ውሃ ታወርዳቸዋለች። የአሊጌተር ልጆች ከእናታቸው አጠገብ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቈያሉ።

አሊጌተር ስለ ቆዳው ብዙ ታድኖ ሊጠፋ በተቃረበ ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. ለመጥፋት ከተቃረቡት እንስሶች መዝገብ ጻፈው። ወገኑ እንደ ገና ስለ በዛም በ1987 ዓ.ም. ከጥፋት እንደ ዳነ ተነገረ። እናቶቹ በሰላም እንዲፈለፍሉ ከተተዉ በጥቂት ዘመን እንደሚበዙ በዚህ ይታወቃል።

ነገሩን በዶሮ ማስተማር

የደጋ ትምህርት ቤት መምህር «አዞ በሌለበት አገር ይህን ለሕፃናት እንዴት ላስረዳ?» ይል ይሆናል። በቆላ ያለው መምህር ደግሞ ተማሪዎቹን ወደ ውሃ ዳር ሊወስዳቸው አይገባውም፤ አደጋ ነውና። ለሁለቱም የሚበቃ መማሪያ በየቤቱ አለ፤ እርሱም ዶሮ ነው። አዞና ወፍ በመልክ ምንም ባይመሳሰሉ፥ ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሶች ሁሉ ለአዞ ወገን በዝምድና የሚቀርቡት ወፎች መሆናቸውን ሊቃውንት አረጋግጠዋል።

ስለዚህ መምህሩ አንዲት የታቀፈች ዶሮ ያሳያቸው። ዶሮ 21 ቀን ትታቀፋለች፤ አዞ ሦስት ወር ያህል ትጠብቃለች። ከታቀፈች 20 ቀን ሲሆን አንዱን ዕንቁላል ቀስ ብለው ወደ ጆሮ ቢያስጠጉት ጫጩቱ ከውስጥ ሲጮኽ ሊሰማ ይችላል፤ ዶሮዪቱም ስትመልስለት ትሰማለች። የአዞ ጫጩትም እንዲሁ ነው። የዶሮ ጫጩት በምንቃሩ ጫፍ ቅርፊቱን የሚሰብርበት ትንሽ ጠንካራ ነገር አለ፤ በጥቂት ቀንም ይረግፋል። የአዞ ጫጩትም በአፍንጫው ጫፍ ይህን የመሰለ አለው። ጭልፊት ሲያንዣብብ ዶሮ ትጮኻለች፥ ላባዋን ትነፋለች፥ ከእርሷ በሚበልጠው ላይ ትነሣለች። ሕፃናት ይህን አይተው «አዞም እንዲሁ ናት» ቢባሉ ነገሩ በልባቸው ይቀመጣል።

መምህሩ ግን ከሁለት ስሕተት ይጠንቀቅ። አንደኛው፥ አዞ ልጆቿን ትጠብቃለች ብሎ ካስተማረ በኋላ አዞ የዋህ ናት እንዳያሰኝ ነው። ሁለተኛው፥ አዞ እንደ ሰው እናት ታስባለች፥ ታዝናለች፥ ትመርቃለች ብሎ እንዳይጨምር ነው። አዞ የምታደርገው በተፈጥሮዋ የተሰጣትን ሥርዐት ነው፤ ይህም ሥርዐት ተረት ሳይጨመርበት ብቻውን የሚያስደንቅ ነው።

በውሃ ዳር ለሚኖሩ ሰዎች ምክር

ከላይ የተነገረው ሁሉ በቆላ ውሃ ዳር ላሉ ሰዎች የሕይወት ነገር ነው። ስለዚህ የሚከተለውን መምህራንና ሽማግሌዎች በአንድነት ሊያስተምሩት ይገባል።

በመጀመሪያ፥ ሕፃን የአዞ ጫጩት ቢያገኝ ከቶ አይንካው። ጫጩቱ ትንሽ ነው፤ ለጨዋታ የሚያስመኝ ነው። ነገር ግን በተያዘ ጊዜ ይጮኻል፤ ጩኸቱም እናቱን ይጠራል። በእጁ 30 ሳንቲ ሜትር የያዘው ሕፃን 3 ሜትር የሆነችው እናት በውሃው ውስጥ በቅርብ መኖሯን አያይም።

ሁለተኛ፥ አዞ ዕንቁላል በምትጥልበት ወራት በአሸዋማው ዳር መሄድና ከብት ማሰማራት ይቅር። የከብት ኮቴ ጉድጓዱን ይረግጠዋል፤ እናቲቱም ከስፍራዋ የምትነሣው ለመሸሽ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ሦስተኛ፥ ውሃ የሚቀዳበትና ከብት የሚጠጣበት ቦታ በሽማግሌዎች ምክር ይወሰን፤ ዳሩ የተገለጠና ሣር የሌለበት ይሁን። በአንዳንድ የአፍሪቃ አገሮች እንደሚደረገው በውሃው ውስጥ በእንጨት ቢታጠር ይልቅ ይሻላል። ሕፃን ብቻውን፥ ይልቁንም ሲመሽና ሌሊት፥ ወደ ውሃ አይውረድ።

አራተኛ፥ ዕንቁላል ቈፍሮ ማውጣትና ጫጩት መሰብሰብ አይገባም። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳን መያዝ በሕግ የተከለከለ ከመሆኑም በላይ፥ ይህን የሚያደርግ ሰው ሕይወቱን ለአደጋ አሳልፎ ይሰጣል። በአርባ ምንጭ አዞ በሚረባበት ስፍራ ዕንቁላልና ጫጩት የሚሰበሰበው ሥራውን በሚያውቁ ሰዎች ነው።

አዞን የሚፈራ ሰው ያለ ምክንያት አልፈራም፤ ልጆቹም እንዲፈሩ ማስተማር ይገባዋል። ይሁን እንጂ ከእውቀት ጋራ ያለ ፍርሃትና ያለ እውቀት የሆነ ፍርሃት አንድ አይደሉም። ያለ እውቀት የፈራ ሰው አዞን በየስፍራው ይጠላታል፥ ዕንቁላሏን ይሰብራል፥ በማያውቀውም ቀን ጉድጓዷ አጠገብ ቆሞ ይገኛል። እያወቀ የፈራ ግን በየትኛው ወር፥ በየትኛው ዳር፥ ስለ ምን መራቅ እንዳለበት ያውቃል፤ እርሱም ይድናል፥ እርሷም ልጆቿን ታሳድጋለች።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. አዞ ዕንቁላሏን እንደ ዶሮ የማትታቀፈው ስለ ምንድን ነው?
2. ለጉድጓድ የሚመረጠው ቦታ ለውሃ እጅግ ቢቀርብ ምን ይሆናል? እጅግ ቢርቅስ?
3. እናቲቱ ልጆቿ ለመውጣት መድረሳቸውን በምን ታውቃለች?
4. ሰዎች አዞ የገዛ ልጆቿን ትበላለች ያሉት ምን አይተው ነው? ምንስ ሳያዩ ቀሩ?
5. ዶሮና አዞ የሚመሳሰሉበትን ሦስት ነገር ተናገር።
6. በውሃ ዳር የአዞ ጫጩት ብታገኝ ምን ታደርጋለህ? ስለ ምን?